ልጃችሁ በስልኩ ውስጥ ስንት ዓመቱ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። ስክሪን እቀይራለሁ፣ ባትሪ እቀይራለሁ፣ ውሃ የገባበትን ፈትቼ አደርቃለሁ። የሦስት ልጆች አባትም ነኝ። ስለ ልጆችና ስለ ስልክ በጋዜጣም በሬዲዮም ብዙ ይባላል። "ስልክ ትውልዱን ገደለው" ይባላል። "ወላጆች ልጆቻችሁን ተቆጣጠሩ" ይባላል። በምን እንደሚቆጣጠሩ፣ ከየት እንደሚጀምሩ ግን ለወላጅ የሚነግረው የለም። እኔ ከሥራዬ የማውቀውን ልናገር ብዬ ነው የጻፍኩላችሁ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ካርድ ሲሰጥ ሱቄ በወላጅ ይሞላል። "ደረጃ ከወጣህ ስልክ እገዛልሃለሁ" ተብሎ የነበረው ልጅ ደረጃ ወጥቷል። ቃል ተገብቷልና ይገዛለታል። ስልኩ አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ ወላጁ የሚለኝ አንድ ነገር ነው። "ወንድሜ፣ መጥፎ ነገር እንዳያይ አድርገህ ቆልፍልኝ።" እኔም መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። "ልጁ መቼ ተወለደ?" ብዙዎቹ ግራ ይገባቸዋል። ስልክ ለመቆለፍ የልደት ቀን ምን ይሠራል?

ብዙ ይሠራል። ስልክ ሲገዛ ጂሜይል ይከፈታል። ያለ ጂሜይል ፕሌይ ስቶር ገብቶ ምንም ማውረድ አይቻልም። በእኛ ከተማ ይህን ጂሜይል ብዙ ጊዜ የሚከፍተው ሻጩ ነው። ሱቁ ውስጥ ወረፋ አለ፣ ደንበኛውም ቸኩሏል። ስልኩ የልደት ዓመት ሲጠይቅ ሻጩ ጣቱ ያረፈበትን ዓመት ይነካና ያልፋል። ልጁ በ1990 እንደተወለደ ሆኖ ይመዘገባል። ፓስወርዱ የአባቱ ስልክ ቁጥር ይሆናል። አባትየው ስልኩን ተቀብሎ፣ አመስግኖ ይሄዳል።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን ማንም ሳይሰንፍ የሚፈጠረው ስህተት ነው። እናት ስትጠየቅ እውነቱን ትናገራለች። "ጥቅምት 2006 ነው የተወለደው" ትላለች። ሻጩም እንደሰማው 2006 ብሎ ይሞላል። ስልኩ የሚያውቀው ደግሞ የፈረንጆቹን ዘመን ብቻ ነው። በእኛ ጥቅምት 2006 የተወለደ ልጅ በእነሱ የተወለደው በ2013 መጨረሻ ነው። ዘንድሮ፣ በ2018፣ 12 ዓመቱ ነው። ስልኩ ግን 19 ወይም 20 ዓመቱ ነው ብሎ ይዞታል። እናት አልዋሸችም፣ ሻጩም አልዋሸም፤ ልጁ ግን በአንድ ጊዜ ትልቅ ሰው ሆነ።

ይህ ለምን ያን ያህል ያሳስበኛል? መተግበሪያዎቹ ለልጆች ያስቀመጡት ጥበቃ የተንጠለጠለው አካውንት ሲከፈት በሚሞላው የልደት ዓመት ላይ ስለሆነ ነው፤ ጂሜይል ላይ የተሠራው ስህተት እዚያም ይደገማል። ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አካውንት እንዲከፍት አይፈቅድም። ከ16 በታች የሆነ ልጅ አካውንት ሲከፈት ፕራይቬት፣ ማለትም እሱ የፈቀደለት ሰው ብቻ የሚያየው ሆኖ ነው የሚጀምረው፤ በውስጥ መስመር መልእክት መላላክም አይችልም። ከ18 በታች ከሆነ ላይቭ መግባት አይችልም፤ በቀን 60 ደቂቃ ሲሞላውም አስቁሞ ለመቀጠል ኮድ አስገባ ይለዋል። ኢንስታግራምም በፈረንጆቹ 2024 ለታዳጊዎች የተለየ አካውንት አምጥቷል። የማያውቁት ሰው መልእክት እንዳይልክላቸው በራሱ ይዘጋል። እነዚህ ነገሮች እንከን የለሽ ናቸው አልልም። ብልጥ ልጅ ያልፋቸዋል። ግን በነፃ የተሰጡ ናቸው፤ ወላጁ ምንም ሳይነካካ ይሠራሉ። እኛ አገር አንድ የተሳሳተ ዓመት ሁሉንም ያጠፋቸዋል። የ12 ዓመት ልጅ ላይቭ ገብቶ ማንም የሚያየው፣ ሌሊት ማንም የሚጽፍለት ሰው ይሆናል።

ስለዚህ ወላጆች ዛሬ ማታ የልጃቸውን ስልክ ይዘው፣ ልጁም አብሮ ቁጭ ብሎ፣ የተመዘገበውን ዕድሜ እንዲያዩ እለምናለሁ። ጂሜይሉ ላይ የጎግል አካውንት ውስጥ ይገባና የግል መረጃ የሚለው ተከፍቶ የልደት ቀኑ ይታያል። እዚያው ማስተካከል ይቻላል። ይህ ግን የጎግሉን ብቻ ነው፤ ቲክቶክና ኢንስታግራም የተሞላላቸውን ዓመት ለየብቻቸው ይይዛሉ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ልጁ ከ13 ዓመት በታች ከሆነና ትክክለኛውን ቀን ከሞላችሁ፣ ጎግል የወላጅ ቁጥጥር እንዲጨመርበት ይጠይቃል። በሰጠው ጊዜ ውስጥ ካልተጨመረ አካውንቱን ይዘጋዋል። ስለዚህ ከመንካታችሁ በፊት የልጁን ፎቶና የስልክ ቁጥሮች ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ቁጥጥሩ የሚጨመረው ፋሚሊ ሊንክ በሚባል መተግበሪያ ነው። የልጁን ስልክ ከወላጁ ስልክ ጋር ያገናኛል። ስልኩ በስንት ሰዓት እንዲዘጋ፣ አዲስ መተግበሪያ ሲወርድ ማን እንዲፈቅድ የሚወስነው ወላጁ ይሆናል። ቲክቶክም ለብቻው የወላጅንና የልጅን አካውንት የሚያያይዝበት መንገድ አለው። ካልሆነላችሁ የምታምኑት የሰፈር ልጅ ወይም ጠጋኝ አጠገባችሁ ሆኖ ይሥራው፤ ፓስወርዱን ግን ራሳችሁ ጻፉት።

በድብቅ የልጅን መልእክት የሚያነብ መተግበሪያ ጫንልኝ የሚሉኝም አሉ። አልጭንም። የልጁ ንግግርና ፎቶ የት አገር እንደሚሄድ፣ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ልጁም አንድ ቀን ማወቁ አይቀርም። ያወቀ ቀን ሌላ ቁጥር፣ ሌላ አካውንት ይከፍታል፤ ከዚያ በኋላ ለወላጁ እውነት አይነግርም።

"ስልክ ጨርሶ አትስጧቸው" የሚሉ ሰዎች አሉ። ሐሳባቸውን አከብራለሁ። ለትንንሾቹ እኔም እንደዚያው ነኝ፤ ታናሿ ልጄ የራሷ ስልክ የላትም። ግን ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ እናስታውስ። በ2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ወርክሺት የላኩት በቴሌግራም ነው። ልጆቻችን እጅ ውስጥ ስልኩን ያኔ እኛው አስገባነው፤ ለደግ ነገር ነበር። ትምህርት ቤት ከተከፈተም በኋላ የቤት ሥራው በቴሌግራም መምጣቱን አላቆመም። በ2015 ክረምት ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራት ሳይመለስ ቆየ። ኔት ከሌለ ልጆቹ ያርፋሉ ያለ ወላጅ ነበር። አላረፉም። በዜንደር ከስልክ ስልክ ሲቀባበሉ፣ ከፍላሽና ከሜሞሪ ሲገለብጡ ነበር። ለጥገና ከመጡልኝ የልጆች ስልኮች ውስጥ ልጆች ሊያዩት የማይገባ ቪዲዮ የያዙ ነበሩ፤ ኔት በሌለበት ጊዜ። ኔቱ ሲመለስ ደግሞ ልጆቹ አድገው ነበር፤ ወላጆቻቸው ግን ስለ ስልኩ የሚያውቁት ያው የድሮውን ነበር።

ወደ ቴሌግራም ልመለስ፤ በእኛ ከተማ የልጆች ዋናው መንደር እሱ ነውና። ባለፈው ዓመት አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ብቻዋን መጣች። "ጋሼ፣ ሲም ካርድ ቢቀየር የድሮው ቁጥር ላይ የሚጽፍ ሰው ያገኘኛል?" አለችኝ። ልጅ ከመሬት ተነስቶ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም። ቀስ ብዬ ጠየቅኋት። የክፍሏ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የማታውቀው ሰው ገብቷል። ማን እንዳስገባው አይታወቅም። ከአባላቱ ዝርዝር ውስጥ አገኛት፤ ቁጥሯም ይታይ ነበር። መጀመሪያ የፈተና ጥያቄ እልክልሻለሁ አለ፤ ላከም። ቀጥሎ ፎቶ ላኪ አለ። እምቢ ስትል ደግሞ ከፌስቡክ ያገኘውን ፎቶዋን ከሌላ ነገር ጋር አቀናብሮ ለአባትሽ እልካለሁ ብሎ ያስፈራራት ጀመር። ልጅቱ ምንም አላጠፋችም። አንድ ፎቶ እንኳ አልላከችም። ቢሆንም ሳምንታት ሙሉ ብቻዋን ተሸክማው ነበር።

"ለእናትሽ ለምን አልነገርሽም?" አልኳት። "ስልኬን ትነጥቀኛለች። ሚኒስትሪ ደርሷል፤ ወርክሺቱ ሁሉ እዚያ ነው" አለችኝ።

የዚህ ደብዳቤ ፍሬ ነገር ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ያ ሰው የተማመነው በእናትየው ቁጣ ነበር። ልጅቱ ለማንም እንደማትናገር ያውቃል። ለምን እንደማትናገርም ያውቃል። የሚያስፈራራ ሰው ሁሉ የሚሠራው በዚህ ነው። ወላጅ "አንድ ነገር ብሰማ ስልክህን ሰብሬ ነው የምጥለው" ባለ ቁጥር ልጁ አፉን የሚዘጋበት ተጨማሪ ምክንያት ያገኛል። ቁጣው ከፍቅር እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኔም አባት ነኝ። ልጁ ጋ ሲደርስ ግን ትርጉሙ "ችግር ሲገጥምህ ወደ እኔ አትምጣ" ነው።

እናትየው ጉልት ላይ ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። በልጅቱ ፈቃድ አብረን ሄድን። ነገሩን እኔ ነገርኳት፤ ልጅቱ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር። እናትየዋ አልተቆጣችም። ነጠላዋን አስተካክላ "እንዲህ ያለ ነገር ይዘሽ ነው ስታድሪ የኖርሽ?" አለቻት፤ አቅፋት አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ሆነ። የሰውየውን መልእክት በሙሉ፣ የተጠቃሚ ስሙና ቀኑ እንዲታይ አድርገን ስክሪንሹት አነሳን። ይህ ሳይደረግ ብሎክ መደረግ የለበትም፤ ማስረጃው ሊጠፋ ይችላል። ቀጥሎ ለቴሌግራም ሪፖርት አድርገን ብሎክ አደረግነው። ፖሊስ ጣቢያም እናትየዋ ራሷ ይዛት ሄደች።

ሕግ የለም የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይባላል። ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ በመልእክት፣ በፎቶ ወይም በቪዲዮ ለወሲብ የሚያነሳሳና የሚገፋፋ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። የልጅን የወሲብ ምስል የሚያዘጋጅ፣ የሚያሰራጭ፣ ይዞ የተገኘም ከ3 እስከ 10 ዓመት ይቀጣል። ይህን ለልጆች ንገሯቸው። የሚያስፈራራቸው ሰው ወንጀለኛው እሱ እንደሆነ፣ እነሱ እንዳልሆኑ ይወቁ። ፎቶ የላከ ልጅ እንኳ ቢሆን ያው ነው። ፎቶው ከወጣ ደግሞ "ቴክ ኢት ዳውን" የሚባል፣ አንድ የአሜሪካ የልጆች ድርጅት የሚያስተዳድረው ነፃ አገልግሎት አለ። ምስሉ ከልጁ ስልክ ሳይወጣ መለያ አሻራው ብቻ ተወስዶ እንደ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ላሉት ይላካል። እነሱም በዚያ አሻራ ምስሉን ፈልገው ያነሱታል። ብር አትላኩ፤ አንዴ ብር ያገኘ ሰው ተመልሶ ይጠይቃል።

ለትምህርት ቤቶች አንድ ልመና አለኝ። ለተማሪዎች ግሩፕ አትክፈቱ፤ ቻናል ክፈቱ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግሩፕ ውስጥ አባላት እርስ በርስ ይተያያሉ፤ አንዱ ሌላውን ያገኛል፤ ይጽፍለታል። ቻናል ላይ ግን መምህሩ ይለጥፋል፣ ተማሪው ያነባል። ተማሪ የተማሪን ስም አያይም፤ ሰርጎ የገባ ሰው ቢኖርም ልጆቹን አያገኝም። ወጪ የለውም። አንድ መምህር በሻይ ሰዓት ሊሠራው ይችላል። ይህ ቢደረግ ኖሮ ያ ሰው ያቺን ልጅ በዚያ በኩል አያገኛትም ነበር።

በልጁ ቴሌግራም ላይም ወላጅ የሚያስተካክላቸው አሉ። ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ የሚለው ውስጥ ስልክ ቁጥሩን ማንም እንዳያይ ማድረግ ይቻላል። ግሩፕ ውስጥ ማን ሊያስገባው እንደሚችል ማይ ኮንታክትስ በሚለው መገደብ ይቻላል። ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድም ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ የሚለው ውስጥ ይዘጋል። ይህ ጥቅልም ይቆጥባል። ሁለተኛ ፓስወርድ ማስገባት ደግሞ ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለእናቱም ይጠቅማል። ብዙ ትንንሽ ልጆች በእናታቸው ስልክ ነው ፍሪ ፋየር የሚባለውን ጌም የሚጫወቱት፤ ዳይመንድ የጌሙ ገንዘብ ነው። "ነፃ ዳይመንድ እሰጥሃለሁ፤ ስልክህ ላይ የሚመጣውን ኮድ ብቻ ላክልኝ" ይባላል ልጁ። ይልካል። ኮዱ የእናቱ ቴሌግራም መግቢያ ነው፤ ሁለተኛ ፓስወርድ ከሌለ በእሱ ብቻ ይገባል። ከዚያ በእናትየው ስም ለአክስት፣ ለዕቁብተኛ፣ ለንስሐ አባት ሳይቀር "ቸግሮኛል፣ በዚህ አካውንት ብር አስገቡልኝ" የሚል ይላካል። የእኛ ሰው ደግሞ ሲለምኑት አያስችለውም፤ ያስገባል። ልጁን "ኮድ ለማንም አይሰጥም፤ ቴሌብር ፒንም እንደዚያው" ብሎ ማስተማር የ7 ዓመት ልጅም ይገባዋል።

ማንበብ የማይችሉ ወላጆችስ? ብዙ ደንበኞቼ እንደዚያ ናቸው። ለእነሱ የምለው አንድ ነገር ነው። ስልኩ ሌሊት የት ነው የሚያድረው? ልጁ ጋ ብርድ ልብስ ውስጥ ከሆነ ያንን ለውጡ። ቻርጀሩ ሳሎን ይሁን፤ የሁሉም ሰው ስልክ፣ የአባትም ጭምር፣ እዚያ ይደር። ለዚህ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ክፉ መልእክት የሚበዛው ቤተሰብ በተኛ ሰዓት ነው። ያቺ ልጅ ካሳየችኝ መልእክቶች አብዛኞቹ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ የተላኩ ነበሩ።

ከሁሉም የሚያሳስቡኝ ግን ቤት ተከራይተው የሚማሩት ናቸው። ከዘጌ፣ ከደቅ፣ ከዙሪያው ገጠር መጥተው አንድ ክፍል ለሁለት ለሦስት ተከራይተው ይማራሉ። ወላጆቻቸው በጀልባ ሲመጡ ቡናና ጤፍ ይዘውላቸው ይመጣሉ። ስልኩን የሚገዙላቸውም ድምፃቸውን ለመስማት ነው። ሳሎን የላቸውም፤ ስልኩ ሌሊት የት ያድራል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያለችው አከራይዋ ናት። እነዚህ ወላጆች ልጃቸውን ትተው ከመመለሳቸው በፊት ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ቢመርጡ እላለሁ። አከራይ ትሁን፣ ስም ጠሪ መምህር ይሁን፣ ዘመድ ይሁን። ልጁም ፊት ለፊት እየሰማ "ችግር ቢገጥመው ወደ አንተ ይመጣል፤ አትቆጣው፤ ለእኔ ደውልልኝ" ቢባል።

ለሥራ ባልደረቦቼም፣ ስልክ ለምትሸጡና ለምትጠግኑ፣ አንድ ቃል። ጂሜይል ስትከፍቱ ስልኩ የማን እንደሆነ ጠይቁ። የልጅ ከሆነ የልደት ቀኑን ጠይቁና ወደ ፈረንጆቹ ለውጡት። ፓስወርዱን ወላጁ ራሱ ይጻፈው፤ እናንተ ፊታችሁን አዙሩ። ሁለት ደቂቃ ነው።

በመጨረሻ ጋዜጣውን የምጠይቀው አለ። የልደት ዘመን መለወጫ ሰንጠረዥ ሠርታችሁ፣ ተቆርጦ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አድርጋችሁ ብታትሙልን። እኔ ሱቄ በር ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ሌሎችም ይለጥፉታል። እስከዚያው ግን ሕጉ ይኸው። ልጁ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከተወለደ በእኛ ዓመት ላይ 7 ይደመራል። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ከተወለደ 8 ይደመራል። ኅዳር 2005 የተወለደች ልጅ ስልኩ ላይ 2012 ተብሎ ይሞላላታል። ሚያዝያ 2005 የተወለደች 2013 ተብሎ ይሞላላታል። ቀንና ወሩንም ከልደት ካርዱ አይቶ መለወጥ ነው፤ የክትባት ካርድም ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ሞባይል ጠጋኝ
ከባሕር ዳር